ቀይ ኮከብ ያለበት ጥያቄ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ለሚጣ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ። ባለፈው «አንድ ገጽ ሰላምታ፣ ሁለት መስመር ወሬ» ብለሽ ስቀሽብኛል። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ቴሌቪዥኑን ቀንስ እያለች ከመጨቅጨቋ በቀር ደህና ናት።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፣ ኔትወርኩ ነው። የኛን ሰፈር ኔትወርክ ታውቂው የለ? ደግሞም በስልክ የተባለ ነገር አየር ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲያሰኝ ወጥቶ ይነበባል። በዚህ ዕድሜዬ አመሌን አልለውጥም፤ ስለዚህ ጻፊልኝ።

«አንተና ኮምፒውተር ምን አገናኛችሁ?» ማለትሽም አይፈረድብሽም። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ዳይሬክተር መጥታልናለች። ወጣት ናት፣ ካንቺም ሳታንስ አትቀርም። በመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ተናገረች፤ እኔ ከኋላ ስለተቀመጥኩ አብዛኛውን ያገኘሁት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ኩዊዝ በወረቀት አይሰጥም። ሁሉም መምህር በኦንላይን ፎርም ይፈትናል፣ የተማሪዎቹንም አስተያየት በፎርም ይሰበስባል። ይህን መሥራት ያልቻለ ወደ መጽሐፍ መጋዘን ይዛወራል።

መጋዘኑን አላየሽውም። አንድ መስኮት አለው፣ እሱም በመደርደሪያ ተጋርዷል። አምና እዚያ የተመደበው የታሪክ መምህር ዛሬ በምሳ ሰዓት እንኳ ወጥቶ ከሰው ጋር አያወራም። ጡረታ እስክወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ሦስቱንም ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ልጆች ፊት ቆሜ መጨረስ እፈልጋለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም፤ ይህን ስነግርሽ አላፍርም።

እንግዲህ ኮምፒውተር አስተማሪ እህት ያለኝ ለዚህ ቀን ነው። የሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ጥያቄዎች ከደብዳቤው ጋር አሉ። ወደ ፎርም ቀይሪልኝና አሠራሩን ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱት አድርገሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 19

ጋሼ፤

ስለ አዲሱ ቤቴ በእትዬ በኩል ለጠየቅከው፣ ክፍሉ ጥሩ ነው፣ አከራይዋም ደህና ሴት ናት። ደረጃው ብቻ ያስለከልካል። ብቻዋን ትበላለች ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ብቻዬን እበላለሁ፤ ደግሞም እጠግባለሁ። እትዬን ሳምልኝ።

የኦንላይን ኩዊዝ ለመሥራት በፖስታ የሚጻጻፉ ሰዎች በዓለም ላይ እኔና አንተ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ባልደረቦቼ እንዳይሰሙ ደብቄዋለሁ።

ፎርሙ ተሠርቷል። ሊንኩን ገመዶ ለምትሉት ለኮምፒውተር ክፍላችሁ ኃላፊ ልኬለታለሁ። አንተ የሚጠበቅብህ ልጆቹን አስቀምጠህ ክፈቱ ማለት ነው። መልሳቸውን ይመርጡና መጨረሻ ላይ «ላክ» የሚለውን ይጫናሉ። ውጤቱ ወዲያው ይመጣል። ቀይ እስክሪብቶህን ካንተ በፊት ጡረታ አውጣው። እዚያው የሚሠራውን ፎርም ሁሉ ሁለታችንም ማረም እንችላለን፣ መልሶቹም ለሁለታችን ይታያሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። ከጥያቄው ጎን ቀይ ኮከብ ካደረግህ ያ ጥያቄ ግዴታ ይሆናል። ተማሪው እሱን ዘሎ «ላክ» ቢል ፎርሙ እምቢ ይለዋል፣ ወደ ዘለለው ጥያቄም ይመልሰዋል። ለኩዊዝ ጥሩ ነው። አስተያየት ስትሰበስብ ግን ኮከብ አታብዛ፤ ሰው መዝለል የሚፈልገው ነገር አይጠፋም።

ሌላው፣ ኔትወርክ አልከኝ። እትዬ ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ስልክ ስደውል አንድም ቀን ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም።

ሚጣ

—

ኅዳር 3

ሚጣዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ገመዶም ሰላም ብሎሻል። ሰውዬው አንገቱ ላይ የኮምፒውተር ገመድ ሳይጠመጥም አይሄድም፤ ሰርግ ላይም እንደዚያው ይመጣል መሰለኝ።

እንዴት ሆነ ብትዪ፣ ተሳካ! ኮምፒውተሩ ለሁሉም ስለማይበቃ ልጆቹን ለሁለት ከፍዬ በተራ አስገባኋቸው። ወንበሮቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ግማሹ ልጅ በአገጩ ሊተይብ ምንም አልቀረው። ግን ሠሩት። ውጤቱ ሲወጣ የነበረውን ደስታ ብታዪ! እኔ ለሠላሳ ዓመት ወረቀት ተሸክሜ ቤት ስገባ ይህ ነገር የት ነበር?

የራሴንም ዘዴ ጨምሬበታለሁ። ኩዊዙ ሲያልቅ ገጹን ሳይዘጉ እዚያው እናርመዋለን። እኔ ጥያቄውን ከወረቀቴ ላይ አነባለሁ፣ እነሱ መልሱን በጣት ያሳያሉ። ሀ ከሆነ አንድ ጣት፣ ለ ከሆነ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አራት ይሄዳል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ማን እንዳወቀ፣ ማን እንዳላወቀ በአንድ እይታ አየዋለሁ። ጫጫታ ድሮም አልወድም።

ከኋላ የሚመጣ ጥያቄ ካለ ማይኳ የሚሏት ተማሪ ትደግምልኛለች። ማይኳ የሚሏት ድምጿ ግድግዳ ስለሚያንቀጠቅጥ ነው። ሌላው መምህር ሁሉ ኋላ ያስቀምጣታል፤ እኔ ፊት አምጥቻታለሁ።

ኮከቡን ወድጄዋለሁ። የአስተያየት መጠይቁንም ራሴ ሠርቼ ሁሉም ላይ ኮከብ አደረግኩበት፣ ስማቸውንም አስጻፍኩ። ሁሉም «ቲቸር በጣም ጎበዝ ናቸው» ብለው መለሱ። ለባለቤቴ ባነብላት ሳቀችብኝ።

አንድ ችግር አለ፤ ይኮራረጃሉ። አንገታቸውን ወደ ጎረቤት ስክሪን እያሰገጉ ሲገለብጡ አያፍሩም። መላ ካለሽ ፈልጊለት።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 20

ጋሼ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ሥራዬ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ሌላ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

በእትዬ በኩል እንደመከርኩህ ስም የሚጠይቀውን አውጥተህ፣ ኮከቡንም አንስተህ መጠይቁን እንደገና አስሞልተሃቸዋል። ስለ ውጤቱ ግን በእሷው በኩል «ተሞልቷል» ብለህ አለፍከው። መልሱ ለእኔም እንደሚታይ የረሳኸው መሰለኝ። አነበብኩት።

አንዱ «ቲቸር አንድ ነገር ስንጠይቃቸው ሌላ ነገር ይመልሱልናል» ይላል። ሌላዋ «ከኋላ የተቀመጥን ልጆች መጠየቅ ትተናል» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «ቲቸርን እንወዳቸዋለን። ግን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ብንጠራቸው አይዞሩም» ብሏል። እንደዚህ የሚሉ ሌሎችም አሉ። አንድም ክፉ ቃል የለበትም፤ ልቤን የነካውም እሱ ነው።

ስልክ አታነሳም። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ልጆቹን በጣት ታናግራለህ፣ ድምጿ የጎላውን ልጅ ፊት ታስቀምጣለህ። ለየብቻ ሳነባቸው እየሳቅኩ ነበር። አንድ ላይ ሳያቸው ሳቄ ጠፋ።

ጋሼ፣ ጆሮህ ይሰማል ወይ? ይህ ጥያቄ ቀይ ኮከብ አለው።

ሚጣ

—

ታኅሣሥ 2

ሚጣዬ፤

ስለ ጤናዬ በመጨነቅሽ አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ደረጃ ስወጣ ብቻ ይንጣጣል። መነጽር ቀይሬ ዓይኔ አሁን ጋዜጣ ያነባል። ጥርሴን ባለፈው ወር አሳይቼ አንዱን አስነቅያለሁ። ሆዴ እንደምታውቂው ነው። ከወገቤ በቀር ሌላ የሚያስቸግረኝ የለም።

የልጆቹን አስተያየት በቁም ነገር አትውሰጂው። ልጆች ናቸው፣ የጻፉትን በማግስቱ ይረሱታል።

ዋናው ወሬ ይህ ነው። ዳይሬክተሯ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ክፍሌ ገብታ ትቀመጣለች። የሁለተኛው ሴሚስተር ምድብ የሚወጣው እሷ ካየች በኋላ ነው፣ ወይ ክፍል ወይ መጋዘን። ስለ ዝናብና ስለ ተራራ ኩዊዝ እሰጣለሁ፣ ከዚያ በጣት እናርማለን። ያን ሁሉ ጣት በአንድ ጊዜ ሲነሳ ብታይ ትደነቃለች ብዬ አስባለሁ። ጥያቄዎቹን አያይዣለሁና ቶሎ አድርሺልኝ።

ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ስለሄደች ሰሞኑን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሌላም የጠየቅሽኝ ነገር ነበረ፤ ወረቀቱ አለቀብኝ።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 11

ጋሼ፤

ወረቀቱ አለቀ ካልክበት መስመር በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር። ለጊዜው ልለፈው።

ከትናንት ጀምሮ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እትዬም የለች። ስለዚህ እየሮጥኩ ጻፍኩልህ። ከአርብ በፊት እንዲደርስህ እለምናለሁ።

ፎርሙ ደርሷል። ለመኮራረጁም መላ አግኝቼለታለሁ። ምርጫዎቹ በየኮምፒውተሩ ተራቸው ተቀያይሮ እንዲመጡ አድርጌያለሁ። አንዱ ልጅ ጋ ሀ ሆኖ የመጣው መልስ ጎረቤቱ ጋ ሐ ሊሆን ይችላል። ያሻቸውን ያህል አንገታቸውን ያስግጉ፣ አይጠቅማቸውም። አንተ ምንም የምትነካው የለም፤ ፎርሙ ራሱ ትክክለኛውን ያውቀዋል። ዳይሬክተሯም እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ትወዳለች።

አይዞህ። አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ አንሳልኝ።

ሚጣ

—

ታኅሣሥ 18

ሚጣ፤

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ዳይሬክተሯ የመጣችው አርብ ነው።

እንዴት ነበር ብትዪ፣ ኩዊዙን በደንብ ሠሩት። ከዚያ ማረም ጀመርን። ንፋስ እርጥበት ይዞ ሲመጣ ዝናቡ የሚበዛው በየትኛው የተራራው ጎን ነው የሚለውን አነበብኩ። አንዱ አንድ ጣት አወጣ፣ አጠገቡ ያለው አራት፣ ከኋላው ያለችው ሦስት። ሁለተኛውን ጥያቄ አነበብኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ጎበዝ የምላቸው ልጆች ሳይቀሩ በየፊናቸው ጣት ይቀስራሉ። አፋቸው ሁሉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሆነ ነገር ይሉኛል። ማይኳ ከወንበሯ ተነስታ ስክሪኗን እየጠቆመች ትጮሃለች። ድምጽ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ቃሉን ግን አላገኘሁትም።

«ዝም በሉ! አንዳችሁም አላወቃችሁትም!» አልኳቸው።

ለካ ሁሉም አውቀውት ኖሯል። ገመዶ ኋላ ውጤቱን አውጥቶ አሳየኝ። እንደዚያ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት አምጥተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም። ዳይሬክተሯ ለጊዜው ከክፍል ረፍት ውሰድ ብላኛለች። ክፍሌን ሌላ መምህር ይዞታል። እኔ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ በመስኮት እነሱን አያለሁ። ቤት ብውል ይሻል ነበር፣ ግን ለባለቤቴ ምን ብዬ እውላለሁ?

አንቺን አልተቀየምኩም። ተቀይሜም ከሆነ ለአንድ ቀን ነው፣ እሱም አልፏል። ያንቺ መላ ጥሩ ነው፣ የእኔም ዘዴ ጥሩ ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ መግባት አልነበረባቸውም።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 27

ጋሼ፤

ይቅርታ አድርግልኝ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ አጀማመሩን አላወቅኩበትም።

በጣት እንደምታርም ጽፈህልኝ ነበር። አንብቤ ስቄበታለሁም። ፎርሙን ስነካካ ግን ፎርሙን እንጂ አንተን አላሰብኩም። ለሰው የማስተምረው ትልቁ ነገር «መጀመሪያ ተጠቃሚውን እወቁ» የሚል ነው። የገዛ ወንድሜን ክፍል በገዛ እጄ በሰው ፊት አፈረስኩበት።

እትዬ ከእህቷ ዘንድ ተመልሳለች፣ ደውዬ አገኘኋት። አንተ ያልጻፍከውን ነገረችኝ፤ እሷም ከገመዶ ሚስት ነው የሰማችው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሰሌዳ ስታጠፋ ዳይሬክተሯ ከኋላህ ደጋግማ ጠርታህ ነበር አሉ። ጠርታ ጠርታ አልሰማ ስትላት መጥታ ትከሻህን ነካችህ። አንተም ዞረህ «ደህና ዋልሽ፣ አልሄድሽም እንዴ?» አልካት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ፎርሙን እንደ ድሮው መልሼዋለሁ። አሁን ምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። እኔም አላውቅም። ብቻ መለስኩት።

ባለፈው አንድ ጥያቄ ጠይቄህ ኮከብ አድርጌበት ነበር። ኮከቡን አንስቼዋለሁ። ልትዘለው ትችላለህ። ብትመልሰውም ባትመልሰውም ያው ጋሼ ነህ፣ ደብተሬን እያገላበጥክ ያሳደግከኝ። እኔ ስልክ መደወል ትቻለሁ። እንዲህ እንጻጻፋለን፤ የእጅ ጽሑፌም እንደ ድሮው ባይሆን ትንሽ ይነበባል።

ሚጣ

—

ጥር 8

ሚጣዬ፤

ሰላምታዬን ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ አስቤ ነበር፣ ጊዜ የለኝም። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ነው ያለሁት። ገመዶ እስክጨርስ በሩን አልዘጋም ብሎ ውጭ ገመዱን ይጠቀልላል።

አሁን ምን ላይ ነህ ብትዪ፣ ትናንት ዳይሬክተሯ መምህራን ማረፊያ መጣች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያናግረኝ አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ ለሐኪም ጥርስ እንደሚያሳይ ሰው። እሷ እንደዚያ አላደረገችም። ወረቀት አውጥታ ጻፈችልኝ። «ተማሪዎችዎ ፎርም ሠርተውልዎታል። መልስዎን አይቼ ምድብዎን እወስናለሁ። ከልጆቹ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ክፍሉን ለእርስዎ ማመቻቸት ይቻላል። የማልችለው አንድ ነገር ነው፤ እየደበቁ ከቀጠሉ መርዳት አልችልም» ይላል። መጋዘን የሚል ቃል የለበትም። ሦስቴ አነበብኩት።

ይኸው ፎርሙን ከፍቼዋለሁ። አናቱ ላይ «ለቲቸር የተዘጋጀ ሰርቬይ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ስጠይቅ ኖሬ ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ለካ ልጆቹን እንዲህ አደርጋቸው ኖሯል?

አንደኛው «የትኛው ጆሮ ይሻልዎታል?» ይላል። ቀኝ፣ ግራ፣ ሁለቱም ደህና፣ ሁለቱም እምቢ። ቀኝ አልኩ።

ሁለተኛው «ስንጠይቅዎ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይላል። እጅ አውጥተን ብንነሳ፣ ወደ ፊት ብንመጣ፣ በወረቀት ብንጽፍ። ብትነሱና ወደ ፊት ብትመጡ አልኩ። ሁለት መምረጥ ይፈቅዳል፣ ጎበዞች ናቸው።

ሦስተኛው «ማን ይድገምልዎ?» የሚል ነው። ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ ማይኳ። ፎርሙን የሠራው ማን እንደሆነ በዚህ አወቅኩ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ገመዶ በበሩ ብቅ ብሎ አየኝ።

እነዚህ ሁሉ ኮከብ የላቸውም፣ ልዘላቸው እችል ነበር። ኮከብ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አራተኛው። «እንደማይሰማዎት ለማን ነግረዋል?» ይላል። ሀ ለባለቤቴ፣ ለ ለእህቴ ወይም ለወንድሜ፣ ሐ ለሐኪም፣ መ ለማንም።

ዘልዬው «ላክ» ብዬ ነበር። እንዳልሽው እምቢ አለኝ፣ መልሶ እዚያው አመጣኝ።

ሀ ልል አሰብኩ። ባለቤቴ ታውቃለች፤ ሳልነግራት ነው ያወቀችው። ነገርኳት ብል ውሸት ይሆናል። ሐኪም ጋ አልሄድኩም። እውነቱ መ ነው። ጠቋሚዋን ወስጄ መ ላይ አደረግኩና መጫን አቃተኝ። እነዚያ ልጆች ይህን ያነቡታል። ቲቸር ለማንም አልነገሩም ብለው ያዝኑልኛል። ለፈተና መልስ ፈርቼ አላውቅም ነበር፣ ይህን ግን ፈራሁት።

ስለዚህ ገጹን ሳልዘጋ ትቼው ይህን ወረቀት አወጣሁ። ሚጣዬ፣ ጆሮዬ አይሰማም። የግራው ከሄደ ሦስት ዓመት አለፈው። የቀኙ ዘንድሮ እየከዳኝ ነው፣ ሰው በተሰበሰበበት ከነጭራሹ አይረዳኝም። ስልክሽን የማላነሳው ድምጽሽን ስለማልለየው ነው። አንድ ቀን አንስቼ ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ ዘጋሁት፣ ከዚያ ወዲህ አላነሳሁም። ፈርቼ ነው የደበቅኩት፤ ክፍሌን የሚወስዱብኝ መሰለኝ። በሚመጣው ሳምንት ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ባለቤቴ አብራኝ ትሄዳለች፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

አንቺ ኮከቡን አንስተሽልኝ ነበር። ልጆቹ መልሰው አደረጉት።

ፖስታ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ይህን አስገብቼ እመለስና «ለ» የሚለውን እጫናለሁ። ከዚያ «ላክ» እላለሁ።

ወንድምሽ